ባሻን በቁማቸው የቀበርኳቸው እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ሳልነግራት ሞተች። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ብነግራቸው ጥቂት ጾም፣ ጥቂት ስግደት ያዝዙኝና "በል እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው ይሸኙኛል። እኔ ደግሞ እንዲያ በቀላሉ መፈታቱን ፈራሁት። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ፊቴን አይታችሁ ለማታዝኑልኝ ልናገር። እኔ በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ብያለሁ። እኔ በሕይወት ላለ ሰው መቃብር አሳይቻለሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ መናገር ነው፤ ስናገር ደግሞ ማመካኘት እንዳይሆንብኝ እናንተው ተጠንቀቁልኝ።

አሰላ የመጣሁት በደርግ ዘመን፣ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ነው። አገሬ ደብረ ማርቆስ ነው። በዚያን ጊዜ መምህር የሚመደበው በዕጣ ነበርና እጄ አሰላን አወጣ። ዘመድ የለኝ፣ ኦሮምኛ አልችል፣ የጭላሎ ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ቅዳሜና እሑድ ከኪራይ ቤቴ ተቀምጬ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ስሰማ እውላለሁ። ብቸኝነት ሰውን ጥሩ ያደርገዋል የሚል ሰው ካለ እኔን መጥቶ ይይ። እኔን ያደረገኝ ተለማማጭ ነው። ሰው የሚያስጠጋኝ ስፈልግ የአውራጃው አስተዳደር አለቆች አስጠጉኝ፤ የውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከክፍል ጠርተው አስተርጓሚ ያደርጉኝ ጀመር። "ጓድ መምህር" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ምክትል ዳይሬክተርነት እንደማይቀርልኝም ሹክ ብለውኛል።

ከአለቆች ሌላ ያስጠጋኝ አንድ ሰው ነበር። ባሻ ተክሌ ይባላሉ። ከአሰላ ብዙም ከማትርቀው ከሁሩታ ወጣ ብሎ የሚኖሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ በጣልያን ጊዜ አርበኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ያወቅኳቸው ትምህርት ቤታችን ለድል በዓል ጋብዟቸው ለተማሪዎች ሲያወሩ ነው። የሚያወሩት አንድ ታሪክ ብቻ ነበር፤ ግን ደጋግመው ቢያወሩትም አይሰለችም። ጣልያን ሲሸሽ እንግሊዞች አንድ ወጣት ካፕቴን ለአርበኞቹ አዛዥ አድርገው ላኩ። አንድ የገደል ወንዝ ላይ ጣልያን ከማዶ መትረየስ ጠምዶ ጠበቃቸው። "ካፕቴኔ ከፊት፣ እኛ ከኋላ!" ይላሉ ባሻ፣ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ። "ጥይቱ እንደ በረዶ ሲወርድ እሱ ውኃው ውስጥ ገባ። እሱ ባይገባ ማናችን እንገባ ነበር? ሰው ነበር! ሰው!" ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ። ባሻ ለራሳቸው አንድ ቃል ሳይጨምሩ ይቀመጣሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ የፋሲካ ዋዜማ ሁሩታ ገበያ ላይ ብቻዬን ስዞር አገኙኝ። በዓሉን የት እንደምውል ጠየቁኝ። ቤቴ አልኳቸው። "ማን ጋር?" አሉኝ። ብቻዬን አልኳቸው። "ኧረ ተወኝ ልጄ፣ አገሩ ሩቅ የሆነ ሰው በዓል ለብቻው ይውላል እንዴ?" ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው እማማ እታገኝ ዶሮውን ከእሳቸው ቀድመው ለእኔ አወጡልኝ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር የኔ ቤት የእነሱ ቤት ሆነ። ይህን የምናገረው የማንን እንጀራ እንደበላሁ እንድታውቁት ነው።

ባሻ በአለቆቹ ዘንድ የማይወደዱ ሰው ነበሩ። መሬታቸው ከተወረሰ በኋላ ምንም አላሉም። ነገር ግን የበኩር ልጃቸው ወጣቶች በሚታደኑበት በዚያ የመከራ ጊዜ ጠፍቶ ቀረ። አንድ ቀን በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሡና "መሬቱን ወስዳችኋል፣ ይሁን። ልጄን የት እንዳደረጋችሁት ግን ንገሩኝ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው በዓይን የሚጠበቅ ቤት ሆነ።

በድርቁ ዘመን ነው እንግሊዙ የመጣው። ጡረታ የወጣ ጄኔራል ነበር፤ የእርዳታ እህል የሚያጓጉዙ የጭነት መኪናዎችን ያስተባብር ነበርና መንግሥት ያከብረዋል። ሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቆ አሰላን ማየት ፈለገ። እኔ ከሾፌሩ ከከድር ጋር በላንድ ሮቨር ናዝሬት ወርጄ ተቀበልኩት። ፊቱ የቀላ፣ ትከሻው ያልጎበጠ፣ የሚናገረውን ቃል መዝኖ የሚያወጣ ሽማግሌ ነው። አማርኛ ጥቂት ይችላል፤ የተማረው ከወታደር ነውና የሚያውቀው "ና!" "ተኛ!" "ተነሣ!" ነው። ከድር "ተነሣ" ሲባል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሪውን ሊስት ነበር።

ዳገቱን ስንወጣ ስለ ሥራ ዘመኑ አወራኝ። ሻምበል ሆኖ እዚህ አገር መጣ። ከዚህ ሻለቃ ሆኖ ሄደ። በርማ ጫካ ውስጥ ወባ ሊገድለው ነበር፤ ማላያ ኮሎኔል ሆነ፤ ጀርመን የብርጌድ አዛዥ አደረጉት፤ በመጨረሻ ለንደን ጽሕፈት ቤት ሰጥተው ጄኔራል አሉት። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። አሁን ዝናብ የማያቆምበት መንደር ውስጥ ከአንድ ውሻ ጋር ይኖራል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሲያወራ ይፎክራል ብዬ ነበር። እሱ ግን ማዕረጎቹን የሚጠራቸው እንደ በሽታ ነው። "ሁሉም የመጣው ከዚያ ወንዝ ነው" አለኝ። "ማዕረግ በተጨመረልኝ ቁጥር ያን ወንዝ ያነሡታል።" የምን ወንዝ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቀጥሎ ደግሞ "ተክሌ የሚባል ሰው ታውቃለህ? እሱን ለማየት ነው የመጣሁት" አለኝ።

ምን አልኩት? "ስሙን የሰማሁ ይመስለኛል፤ አጣራለሁ" አልኩት። እንኳን ስሙን፣ የበዓል ዶሮውን በልቻለሁ! ግን አለቆች ምን ይሉ ይሆን ብዬ አንደበቴ ወደ ኋላ አለ።

አሰላ እንደገባን በቀጥታ ወደ አለቆቹ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ልብ በሉ፣ የጠራኝ የለም፤ የጠየቀኝም የለም። ማንም ሳይጠይቀኝ ሄጄ የተናገርኩ እኔ ነኝ። አለቃዬ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገና "ባይገናኙ ይሻላል፣ ጓድ መምህር። ሽማግሌው ስለ ልጁ ይዘባርቅበታል። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ዘዴ አታጣም" አለኝ። ያለው ይህን ብቻ ነው። ለብዙ ዓመታት ለራሴ "ታዝዤ ነው" እያልኩ ኖሬያለሁ። "ባይገናኙ ይሻላል" ትእዛዝ ነው? ሞቷል በል ያለኝ ማን ነው? ማንም አላለኝም። ሞትን ያመጣሁት ከራሴ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጄኔራሉ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ኮቱን ለብሶ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ዘዴውን ሳስብበት ነበር። ታመዋል ብል ልጠይቃቸው ይላል። መንገድ ሄደዋል ብል እጠብቃቸዋለሁ ይላል። ሞት ግን ሌላ ጥያቄ አያስከትልም። ፈረንጅ ነው፤ "አዝናለሁ" ይልና ባርኔጣውን አንሥቶ ወደ መጣበት ይመለሳል ብዬ ገመትኩ። እኛ መርዶ እንዴት እንደምንነግር ታውቃላችሁ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው። እኔ ብቻዬን ቆሜ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ "አርፈዋል፤ ዓመት አልፏቸዋል" አልኩት።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ግን አልተነሣም። በዚያ በወታደር አማርኛው "ልቅሶ" አለኝ። "ልቅሶ እሄዳለሁ። ቤት ውሰደኝ።"

ደነገጥኩ። ይህ ሰው ከኛ ሰዎች ጋር አንድ ድስት በልቶ፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ያለፈ ሰው መሆኑን ዘንግቼ ነበር። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን ተብሎ እንደሚታይ ያውቃል። ከሚስቱ ጎን ልቀመጥ አለኝ። ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት ሳይቀር ጠየቀኝ። ባለቤታቸውም ሞተዋል፣ ልጆቹም ተበትነዋል አልኩት። "ማንም የለም?" አለኝ። "ማንም" አልኩት። በአንድ ቃል እማማ እታገኝን ደግሞ ገደልኳቸው። "እንግዲያው መቃብሩን አሳየኝ" ብሎ ተነሣ።

ያኔ እንኳ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? አንድ ቁጣ፣ አንድ እፍረት፣ ምናልባትም የሚቀር ሹመት። እኔ ግን ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለች ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። ከቅጥሩ ጥግ ድንጋይ ብቻ የተከመረበት፣ ስም ያልተጻፈበት መቃብር አየሁና "ይኸው" አልኩት። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከድር የሁሩታ ልጅ ነው፤ ባሻን ያውቃቸዋል። ከመኪናው ወርዶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና "እኒ ጅራ እኮ፣ ጋሼ" አለኝ በኦሮምኛ፤ አሉ እኮ ሰውየው፣ ማለቱ ነው። ዝም በል አልኩት። "ያ ረቢ!" ብሎ ተመልሶ መሪው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ከድር ሻይ ቤት ሲያገኘኝ ወንበር ይለውጥ ነበር፤ ለሰው ግን አላወራብኝም።

ጄኔራሉ ከድንጋዩ ክምር ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረና አቋርጦ ወደ እኔ ዞረ። "ንገረው" አለኝ። "እሱ እንግሊዝኛ አይችልም።" ግራ ገባኝ። "እኔ እንደምለው፣ 'እኔ' እያልክ ንገረው" አለኝ። እንዲህ ሆነና በማላውቀው ሰው መቃብር ላይ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ የሚከተለውን ተናገርኩ።

"ተክሌ፣ እኔ ነኝ። እኔ ያን ወንዝ አልተሻገርኩም። እኔ ድንጋይ ሥር ተኝቼ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ። አንተ በጨለማ ሰዎቹን ይዘህ ተሻገርክ፤ መትረየሱን አንተ ዝም አሰኘኸው። ተመልሰህ መጥተህ እጄን ይዘህ አሻገርከኝ። ለሰዎቹም ካፕቴኑ ቀድሞ ገብቷል ብለህ ነገርካቸው። እኔ አላስተባበልኩም። እኔ ሜዳሊያውን ተቀበልኩ። ማዕረጌ ሁሉ ከዚያ መጣ። በኋላም ዳኛ ሆኜ ተቀምጬ፣ በፍርሃት ከጦር ሜዳ በሸሹ ልጆች ላይ ፈርጃለሁ። እኔ! ይህን ፊትህ ቆሜ ልነግርህ ነበር የመጣሁት። ዘገየሁ። ይቅር በለኝ።"

መሀል ላይ ድምፄ ተቆረጠ። ባሻ ለተማሪዎቹ "ካፕቴኔ ከፊት" ሲሉ ታየኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው ነውር ሸፍነው፣ የራሳቸውን ጀግንነት ለሌላ ሰጥተው መኖራቸውን ያወቅኩት እዚያ ነው፤ ገድያቸው ከቆምኩበት ቦታ። ጄኔራሉ ለእሱ ያዘንኩለት መስሎት እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። "አመሰግናለሁ፤ ጥሩ ሰው ነህ" አለኝ። ያን ቀን ሙሉ ከአፌ የወጣ እውነት ያ የእሱ ኑዛዜ ብቻ ነበር። ባሻ ግን በላንድ ሮቨሩ አንድ ሰዓት በማይፈጅ መንገድ ላይ፣ ማሳቸው ዳር ተቀምጠው ነበር።

ጄኔራሉ በማግሥቱ በጠዋት ሄደ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በፊት ባሻ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ወሬው ገበያ ደርሶ ኖሯል። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ በየድል በዓሉ የሚለብሷትን ካኪ ኮታቸውን አጥበው ለብሰዋል።

"ልጄ፣ እንግሊዝ መጣ አሉኝ። የኔው ካፕቴን ይሆን?"

"መጥቶ ነበር፣ ባሻ። ዛሬ ጠዋት ሄደ።"

"እኔን አልጠየቀኝም?"

አሁንም መንገዱ ክፍት ነበር። ጠይቆዎታል፣ አልቅሶልዎታል፣ ይቅር በለኝ ብሎዎታል ማለት እችል ነበር። ግን እንዲያ ካልኩ "ታዲያ ለምን አልመጣም?" ይመጣል፤ ያን ደግሞ መመለስ አልችልም። "ሥራ በዝቶበት ነበር። ስምዎን ሲያነሣ አልሰማሁም" አልኳቸው።

ወደ ናዝሬት የሚወስደውን መንገድ አዩት። "ጤናው ግን ደህና ነው?" አሉኝ። "ደህና ነው።" "እሰይ፣ ተመስገን" ብለው ከዘራቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከእነዚህ ሁለት ውሸቶች የትኛው ይከፋል? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ለማያውቀኝ ሰው ነው የዋሸሁት። ሁለተኛውን የዋሸሁት በበዓል ቀን እጄን ይዘው ቤታቸው ያስገቡኝን ሰው ነው።

በሚቀጥለው የድል በዓል ባሻ ተጋብዘው መጡ። ተማሪዎቹ የወንዙን ታሪክ ንገሩን አሏቸው። "ረሳሁት ልጆቼ፤ እርጅና ነው" ብለው ተቀመጡ። እኔ ያን ጊዜ ምክትል ዳይሬክተር ሆኜ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ታሪኩን ሁለተኛ ሲያወሩት አልሰማሁም።

ደርግ ወደቀ። አለቃዬ የት እንደገባ አይታወቅም። የሚያስፈራኝ ሰው ጠፋ፤ እኔም አፌን አልከፈትኩም። ስለዚህ ፈርቼ ነበር የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ያበቃል። ለምን ዝም አልኩ? እውነቱን ልናገር፤ ያን ቤት ላለማጣት ነው። አሰላ ውስጥ ሚስት አግብቼ እንኳ ከዚያ ቤት በቀር ዘመድ የምለው አልነበረኝም። ብናገር በዓል ሲመጣ ወዴት እሄዳለሁ? በየፋሲካው እየሄድኩ፣ በገደልኳቸው ሰው ማዕድ እየተቀመጥኩ፣ እጃቸው ሲያጎርሰኝ አፌን እየከፈትኩ ኖርኩ።

ከዚያ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ የነበረ ፈረንጅ በአሰላ ሲያልፍ ጄኔራሉ ማረፉን ነገረኝ። ባሻም በዚያ ሰሞን አልጋ ላይ ወድቀው ነበርና አሁንስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ሁሩታ ሄድኩ። ሁሉን ልነግራቸው፣ መርዶውንም ጨምሬ። መንገድ ላይ ቃሎቹን ሳዘጋጅ ሄድኩ። እማማ እታገኝ ወንበር ሰጥተውኝ ወጡ። ባሻ ከስተው፣ ዓይናቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። እኔ ሳልጀምር እሳቸው ጀመሩ።

"አንተ ልጅ፣ ፈረንጅኛ ታውቃለህ። ያን ካፕቴኔን ታስታውሰዋለህ? አሰላ ድረስ መጥቶ ያላየኝ ጊዜ ብዙ አዘንኩ። በኋላ ግን ገባኝ። ፈርቶኝ ነው። አለች አንዲት ነገር፣ የሁለታችን። እሷን አውጥቼበት መስሎት አፍሮ ነው። እባክህን ብትችል ጻፍለት። ተክሌ ለማንም አልተናገረም በለው። እስክሞትም አልናገርም። አይፈር በለው።"

የውሸት መርዶ በቀላሉ የነገረ አፍ እውነተኛውን መርዶ አቃተው። እሳቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ መልስ ይጠብቃሉ።

"እሺ ባሻ። እነግረዋለሁ" አልኳቸው።

"ተባረክ" አሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ ተራ በተራ አፈር ሲያለብስ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። አካፋ ሲሰጡኝ አልተቀበልኩም። እንደ ልጅ አዝኖ ነው አሉልኝ፤ ያንንም ዝም ብዬ ሰማሁ።

አሁን ሚስቴ የለችም፤ እማማ እታገኝም የሉም። በዓል ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እውላለሁ፤ ይገባኛል። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አሁንም "ጋሽ ዳይሬክተር" ይለኛል። ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምናችሁም። ይቅርታው የእናንተም የኔም አልነበረም፤ የሁለት ሽማግሌዎች ነበር። አንዱ ሊጠይቀው ባሕር ተሻግሮ መጣ። ሌላው ሳይጠየቅ ሰጥቶት ኖረ። መሀላቸው ቆሜ ሁለቱንም የሰማሁ፣ ለሁለቱም ያላደረስኩ እኔ ነኝ።